ለወር አበባ ሕመም ማስታገሻ ከመዋጥሽ በፊት፦ ጥቅሙንና የጎንዮሽ ጉዳቱን የመመዘን አሠራር

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲንና ሜፌናሚክ አሲድ የወር አበባን ሕመም ከፓራሲታሞል በተሻለ ያስታግሣሉ። ጨጓራን፣ ኩላሊትንና የደም ግፊትንም ሊነኩ ይችላሉ። «ጨጓራዬን ይልጠዋል» ብላ በየወሩ ሁለት ቀን ተኮራምታ የምትተኛዋም፣ ሕመሙ በመጣ ቁጥር እጇ የገባውን የምትውጠዋም ግማሹን እውነት ብቻ ይዘዋል። ሌላ ሕመም በሌለባት ወጣት ሴት ላይ፣ በልኩና በወር ለሁለት ሦስት ቀን ብቻ ሲወሰዱ ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድላቸው ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ጣጣ የሚያመጣው አወሳሰዱ ነው፦ ዘግይቶ መጀመር፣ ሁለት ዓይነት መደባለቅ፣ ሕመሙ ካለፈ በኋላም መቀጠል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች የተዘጋጁት እነዚህን ሦስቱን ለመዝጋት ነው።

መጀመሪያ፦ መድኃኒቱ የሚነካውን ማወቅ

የወር አበባ ሊመጣ ሲል ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይወርዳል፤ የማሕፀን የውስጥ ሽፋንም ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎችን ይለቅቃል። እነዚህ ማሕፀንን ጨምድደው ያኮማትሩታል፤ ወደ ጡንቻው የሚሄደውንም ደም ያሳንሳሉ። ቁርጠቱ ከዚያ ይነሣል። ከፊሉ ከማሕፀን አልፎ ስለሚሠራጭ ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ይከተላል። ስለዚህ «ሆዴ ተበላሸ» የሚባለው ነገር ሁሉ ከምግብ የመጣ አይደለም።

የጨጓራ ግድግዳም ራሱን ከአሲድ የሚከላከልበትን ልጋግ የሚያመርተው በፕሮስታግላንዲን እገዛ ነው። ኩላሊትም ሰውነት ውሃ ሲያጥረው በቂ ደም እንዲደርሰው የሚያደርገው በእርሱ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪንና መሰሎቹ የሚሠሩት የፕሮስታግላንዲንን ምርት በማገድ መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱ የማሕፀኑን ከጨጓራው ለይቶ አያግድም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ዳይክሎፌናክን በመርፌ መውሰድ ጨጓራን አያድነውም፤ በደም በኩል ዞሮ ያው ጨጓራ ላይ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ የሚያግደው አዲስ ምርትን እንጂ አስቀድሞ የተለቀቀውን አያጠፋም። «አልቻልኩም» እስክትዪ ጠብቀሽ ከዋጥሽው ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ያን ጊዜ «አልያዘልኝም» ብለሽ ሌላ ትጨምሪያለሽ። ከልክ ያለፈ አወሳሰድ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በር ነው የሚገባው።

እርምጃ 1፦ የወር አበባው ሳይመጣ ራስሽን ፈትሺ

ይህን የምትሠሪው ሕመም በሌለበት ቀን ነው። ተኮራምቶ የሚያስብ ሰው በደንብ አያስብም።

ከሚከተሉት አንዱ ካለብሽ እነዚህን መድኃኒቶች በራስሽ አትጀምሪ፤ በአብዛኛው ጭራሽ የሚከለከሉ ናቸው፦

– የጨጓራ ወይም የአንጀት ቁስለት ታመሽ የምታውቂ ከሆነ፣ ይልቁንም ደም አስታውከሽ ወይም ጥቁር ሰገራ ወጥቶሽ የሚያውቅ ከሆነ
– አስፕሪን ወይም ከእነዚህ አንዱን ወስደሽ ትንፋሽ ያጠረሽ፣ ፊትሽ ያበጠ ወይም ሽፍታ የወጣብሽ ከሆነ
– የኩላሊት ሕመም፣ የልብ ድካም ወይም ከባድ የጉበት ሕመም ካለብሽ
– እርጉዝ ከሆንሽ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውሃን ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ ከ30ኛው በኋላ ደግሞ ለልቡ የደም ቧንቧም ያሰጋሉ። ቀኑ ዘግይቶ፣ ደሙም ከወትሮው አንሶ ቁርጠት ከመጣ፣ ከማስታገሻው በፊት መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን የእርግዝና መመርመሪያ ተጠቀሚ።

ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ፋርማሲስቱን ወይም ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትጀምሪ። ለደም ግፊት የሚሰጡት ኤናላፕሪልና የሚያሸኑ ኪኒኖች (ፉሮሲማይድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) ከእነዚህ ማስታገሻዎች ጋር አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊትን ያደክማሉ። ዋርፋሪን፣ ፕሬድኒሶሎንና ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን የመድማትን ዕድል ከፍ ያደርጋሉ። ሊቲየምና ሜቶትሬክሴት በደም ውስጥ ሊጠራቀሙ ይችላሉ። ቴኖፎቪር ያለበትን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴትም፣ ቴኖፎቪር ራሱ በኩላሊት የሚወጣ ስለሆነ፣ በተለይ ዳይክሎፌናክን ደጋግማ ከመውሰዷ በፊት ለምትከታተልበት ክሊኒክ ትንገር። አስም ያለባት ሴት ደግሞ፣ ከዚህ በፊት አይቡፕሮፌን ወስዳ ደህና ከነበረች አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይገጥማትም፤ ወስዳ የማታውቅ ከሆነች ግን የመጀመሪያውን ፍሬ ብቻዋን ባለችበት ሌሊት አትሞክር።

«ጨጓራ አለብኝ» የሚለውን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ የማይለው ሰው ጥቂት ነውና። በርበሬ ስትበዪ የሚያቃጥልሽ መሆኑና ሐኪም አይቶ ቁስለት አለ ያለሽ መሆኑ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ክልከላ ነው። በምርመራ የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) ተገኝቶብሽ መድኃኒቱን ጀምረሽ ያቋረጥሽ ከሆነ አስቀድመሽ ሕክምናውን ጨርሺ። ባክቴሪያውና ማስታገሻው ሲገናኙ የቁስለት ዕድሉ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚያመጡት ይበልጣል።

አንድ ማሳሰቢያ በተለይ ለጅማና ለዙሪያዋ፦ ትኩሳት የተለመደው የወር አበባ ሕመም አካል አይደለም። ብርድ ብርድ ካለሽና ከሞቀሽ፣ አይቡፕሮፌን ትኩሳቱን አውርዶ ወባን ሊሸፍንብሽ ይችላል። ከመዋጥሽ በፊት የደም ምርመራ አድርጊ።

እርምጃ 2፦ አንድ ዓይነት ምረጪ

የወር አበባን ሕመም በማስታገሥ ረገድ ከእነዚህ አንዱ ከሌላው ጎልቶ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ስለዚህ የሚመረጠው በጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፤ በዚህ ሚዛን ለአብዛኛዋ ሴት መጀመሪያ መሞከር ያለበት አይቡፕሮፌን ነው። በቀን እስከ 1200 ሚሊ ግራም ባለው መጠን ከቡድኑ ውስጥ ለጨጓራ ቀለል ከሚሉት አንዱ ነው። ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሥራት ይጀምራል። ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጣም ካልተስማማሽ ብዙ አያቆይሽም።

ዳይክሎፌናክ ብዙ ሴቶች የሚያውቁትና የሚያምኑት ነው። ነገር ግን ስትሪፑ ላይ «ሶዲየም» ወይም «ፖታሲየም» የሚለውን አንብቢ። ባለ 50 ሚሊ ግራሙ ዳይክሎፌናክ ሶዲየም አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ነው፤ አንጀት እስኪደርስ ይዘገያል፣ ምግብ ላይ ሲወሰድ ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። «ዲክሎ አልሠራልኝም» ብለው በሰዓት ውስጥ ሁለተኛውን የሚጨምሩ ሴቶች ብዙ ጊዜ የዋጡት ይህን ነው። ሰብረሽ ወይም ፈጭተሽ አትውሰጂው፤ ሽፋኑ ከንቱ ይሆናል። ፖታሲየሙ ቶሎ ይሠራል፤ ለቁርጠት የሚመቸው እርሱ ነው። በልብና በደም ሥር ላይ ያለው ሥጋት ከአይቡፕሮፌንና ከናፕሮክሲን ስለሚበልጥ ግን የልብ ሕመም ወይም ከፍ ያለ ግፊት ላለባት አይሆንም፤ ጉበትንም ሊያውክ ይችላል።

ናፕሮክሲን ለረጅም ሰዓት ይቆያል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሊበቃ ይችላል። ፈተና ወይም ሥራ ላይ ለምትውል፣ በሌሊት መነሣትም ለማትፈልግ ይመቻል። ጨጓራ ላይ ግን ከትንሽ መጠን አይቡፕሮፌን ይከብዳል። ሜፌናሚክ አሲድ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ዋናው ክፋቱ ተቅማጥ ነው። ተቅማጥ ወይም ሽፍታ ካመጣብሽ ትተዪዋለሽ፤ መጠን እየቀነሱ መታገል የለም።

የማይመረጡትስ? አስፕሪን ደምን ስለሚያቀጥን ፈሳሹን ሊያበዛ ይችላል፤ ለልጃገረዶች ደግሞ በሌላ ምክንያትም አይመከርም። ኢንዶሜታሲንና ፓይሮክሲካም ጨጓራ ላይ ይበረታሉ። ቡስኮፓን የሚባለው ሃዮሲን ለአንጀት ቁርጠት የሚሰጥ ነው፤ ፕሮስታግላንዲንን አይቀንስም። መርፌ የሚጠቅመው ትውከት በዝቶባት ኪኒን አልረጋ ላላት ሴት ነው። «ቶሎ ይሻለኛል» ብሎ በየወሩ መወጋት ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ የተወጋው ቦታ መግል ሊቋጥር፣ ካለቦታው ከተወጋም የእግር ነርቭ ሊነካ ይችላል።

እርምጃ 3፦ መድኃኒት ቤት ውስጥ

የጅማ መርካቶም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ መድኃኒት ቤት ወረፋው ላይ ሰው ሲበዛ «ሆዴን ቆረጠኝ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ባለሙያው የሰማው የሆድ ቁርጠት ስለሆነ የሚሰጥሽም የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ይሆናል። ማፈር የሚያስከፍለው ይህን ነው። አጠር አድርገሽ እንዲህ በዪ፦ «ወንድሜ፣ የወር አበባ ሕመም ነው። አይቡፕሮፌን ባለ 400፣ አንድ ስትሪፕ። ቁስለት የለብኝም፣ ሌላ መድኃኒትም አልወስድም።» መናገር ከከበደሽ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳዪው። እናት ወይም ታላቅ እህት ልጅቷን ወክላ ከሄደች የልጅቷን ዕድሜና ክብደት ትናገር።

ቀጥሎ ሦስት ነገር ተመልከቺ።

የመጀመሪያው ውስጡ ያለው ነው። አይቡፕሮፌን ከፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክ ከፓራሲታሞል ጋር አንድ ፍሬ ላይ ተደባልቀው ይሸጣሉ። እንዲህ ያለውን ወስደሽ ላዩ ላይ ሌላ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ብትጨምሪ መጠኑ ሳታውቂው ይደርባል። ዘመድ ከውጭ የላከው «አድቪል» ያው አይቡፕሮፌን ነው፤ ብዙ ጊዜ ባለ 200 ነው።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ከስትሪፕ ላይ አራት ፍሬ ተቆርጦ ሲሰጥሽ ማብቂያ ቀኑ በቀረው በኩል ሊቀር ይችላል፤ ሳይቆረጥ አሳዩኝ በዪ። ቀኑ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም አትርሺ። 03/2025 የሚል ስትሪፕ በእኛ 2018 ዓ.ም. ለሚያስብ ሰው ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስላል፤ ግን ያለፈበት ነው።

ሦስተኛው ብዛቱ ነው። በቀን 3 ፍሬ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ማለት 6 ወይም 9 ፍሬ ነው። ባለ 10 ስትሪፕ ለአንድ ወር አበባ ይበቃል። በአንድ ወር አበባ ከአንድ ስትሪፕ በላይ ካስፈለገሽ ሁለተኛውን አትግዢ፤ እርምጃ 7ን አንብቢ።

የቀረውን ከስትሪፑ ሳታወጪ ደረቅ ቦታ አስቀምጪ። የጅማ ክረምት እርጥበት የተፈለፈለ ኪኒን አይምርም።

እርምጃ 4፦ ሰዓቱና መጠኑ

የመጀመሪያው ምልክት ሲመጣ ጀምሪ፦ ወገብ መያዝ፣ እግር መክበድ፣ ወይም የመጀመሪያው ደም። ቀኗ የማይዛነፍ ሴት አንድ ቀን ቀድማ መጀመር ትችላለች፤ ይህ ግን እርግዝና እንደሌለ እርግጠኛ ስትሆን ብቻ ነው።

ለአዋቂ መጠኑ ይህ ነው፦

– አይቡፕሮፌን፦ 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1200 አይለፍ። ለምሳሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት። የመጀመሪያው ቀን በጣም ከከበደ ልዩነቱ ወደ 6 ሰዓት ሊጠብ ይችላል፤ ፍሬው ግን ያው ሦስት ነው።
– ዳይክሎፌናክ፦ 50 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፤ በቀን ከ150 አይለፍ።
– ናፕሮክሲን፦ መጀመሪያ 500፣ ከዚያ 250 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፤ ወይም 500 በየ12 ሰዓቱ።
– ሜፌናሚክ አሲድ፦ መጀመሪያ 500፣ ከዚያ 250 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፤ ከ2 ወይም ከ3 ቀን አይለፍ።

ከ12 ዓመት በላይ ላለች ልጃገረድ አይቡፕሮፌን የሚታሰበው በክብደት ነው፤ ለአንድ ጊዜ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ገደማ። 40 ኪሎ ከሞላች 400 ትችላለች፤ ካልሞላች በ200 ትጀምር።

የመጀመሪያው ቀንና ሁለተኛው ላይ በሰዓቱ ውሰጂ፤ ሕመሙ እስኪመለስ አትጠብቂ። ከዚያ በኋላ ሲያምሽ ብቻ። አንዱ የመዋጫ ሰዓት ካመለጠሽ የሚቀጥለውን እጥፍ አድርገሽ አትዋጪ። ዋጥ ካደረግሽ በኋላ ካስታወክሽና ፍሬው ሳይሟሟ ሲወጣ ካየሽው መድገም ትችያለሽ፤ ካላየሽው የሚቀጥለውን ሰዓት ጠብቂ።

ሁለት ፀረ ብግነት (አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲንና ሜፌናሚክ አሲድ የሚጠሩበት የወል ስም ነው) በአንድ ቀን አይገናኙም፦ ጠዋት አይቡፕሮፌን፣ ከሰዓት ዳይክሎፌናክ የለም። ማስታገሡ እምብዛም አይጨምርም፤ ጉዳቱ ግን ይጨምራል። መጨመር ካስፈለገ የሚጨመረው ፓራሲታሞል ነው፦ ከ500 ሚሊ ግራም 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። መንገዱ የተለየ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይጋጭም፤ ጨጓራንም አይነካም።

እርምጃ 5፦ ሆድሽ ውስጥ ያለው

ምግብ ላይ መውሰድ ማቃጠሉንና ማቅለሽለሹን ያለዝባል። ቁስለት እንዳይፈጠር ግን ዋስትና አይሆንም፤ ጉዳቱ በደምም በኩል ስለሚመጣ። ብዙ ምግብ አያስፈልግም፦ ቁራጭ ዳቦ፣ ጥቂት ገንፎ ወይም ቂንጬ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ከዚያ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ከዋጥሽ በኋላ ወዲያው አትተኚ፤ ፍሬው ጉሮሮሽ ላይ ተጣብቆ ሊያቆስል ይችላል።

ቡናን በተመለከተ፣ ጅማ ላይ «ቡና ተዪ» የሚል ምክር የሚሰማ የለምና እውነቱን ማወቅ ይሻላል። ካፌይን የአይቡፕሮፌንን የማስታገሥ ኃይል በመጠኑ ያግዛል። ምግብ ከበላሽ በኋላ አንድ ሲኒ ብትጠጪ ጠላት አይደለም። ጣጣው በባዶ ሆድ፣ ገና በጠዋቱ ከአቦል እስከ በረካ ስትጠጪ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያቃጥልሽ ቡናው ይሁን ኪኒኑ መለየት ያቅትሻል፤ ሚዛኑም ይዛባል። ጫት ላይ ግን አስተያየታችን ጠንከር ይላል። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በርጫ ላይ የተቀመጠች ሴት ከቁርስ እስከ ማታ ሳትበላ ትውላለች። ለኪኒኑ ከዚህ የከፋ ሆድ የለም። ጠጅ፣ አረቄና ቢራም በእነዚህ ቀናት ይቅሩ።

ጾም የራሱ ስሌት አለው። በረመዳን የወር አበባ ላይ ያለች ሙስሊም ሴት አትጾምም፤ ኋላ ቀዷ ታወጣለች። ነገር ግን ቤቱ ሁሉ ስለሚጾም ቁርስ አይሠራም፤ እርሷም ሰው ፊት መብላት ስለምታፍር ባዶ ሆዷን ትውጣለች። ማታ ጥቂት ዳቦና ቴምር መኝታ ቤት ማስቀመጥ ይህን ይፈታል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ኦርቶዶክሳዊት ደግሞ የመጀመሪያውን ፍሬ ከ9 ሰዓቱ ምግብ ጋር ብታደርግ ሌሊቱን ያሳርፋታል፤ ናፕሮክሲን ከተገኘ እዚህ ላይ ይመቻል። ሕመሙ ጠዋት ጠዋት የሚበረታ ከሆነ ግን በባዶ ሆድ ከመዋጥ ቀድሞ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይሻላል። በሁለቱም በኩል ውሃ ሳይጠጡ የመዋልን ነገር አስቡበት፤ ሰውነት ሲደርቅ ኩላሊት ላይ የሚመጣው ጫና ይብሳል። ተቅማጥና ትውከት ከበዛብሽም ፈሳሽ እስክትተኪ ድረስ ፀረ ብግነቱን አቁመሽ በፓራሲታሞል ቆዪ።

ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ጨጓራን ይከላከላል። የሚያስፈልገው ግን ቃጠሎ ለሚደጋገምባት ወይም ሐኪም ላዘዘላት ነው። ጤነኛ ለሆነችና ለሁለት ቀን ብቻ ለምትወስድ ሴት ትርፍ ወጪ ነው።

እርምጃ 6፦ ጻፊና መዝኚ

ለሦስት ወር አበባ ስልክሽ ላይ ወይም ደብተር ላይ መዝግቢ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጪው፤ ከመዋጥሽ በፊትና ከ2 ሰዓት በኋላ። አንድ መስመር ይበቃል፦ «መስከረም 14፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሕመም 7፣ አይቡ 400 ከዳቦ ጋር፤ 3 ሰዓት ላይ 3፤ ሆድ ደህና።» የደሙን ብዛት (በቀን ስንት ሞዴስ)፣ የሰገራውን መልክና ከሥራ ወይም ከትምህርት የቀረሽበትን ጊዜ ጨምሪ።

ውሳኔው እንዲህ ነው። ሕመሙ በ2 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ በግማሽ ወርዶ፣ ሆድሽም ደህና ከሆነ ቀጥዪ። በሚቀጥለው ወር መጠኑን ወይም ቀኑን መቀነስ ይቻል እንደሆነ ሞክሪ፤ ሦስተኛው ቀን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ሕመሙ ወርዶ ጨጓራ ካቃጠለሽ መጀመሪያ ምግቡንና ቡናውን አስተካክዪ፤ ቀጥሎ 400ውን ወደ 200 አውርጂ፤ አሁንም ካቃጠለ ኦሜፕራዞል ወይም ወደ ፓራሲታሞል መሻገር። ሕመሙ በግማሽ ካልወረደ ግን መጠን አትጨምሪ፤ በጊዜ ጀምረሽ እንደሆነ ተመልከቺ። በጊዜ ጀምረሽም ካልሠራ በሚቀጥለው ወር ከሌላ ወገን ሞክሪ፦ ከአይቡፕሮፌን ወደ ሜፌናሚክ አሲድ። አንዷን ያልያዘ ሌላዋን ይይዛል።

ሕመምሽ ከ3 የማያልፍ ከሆነ ደግሞ ለጎንዮሽ ጉዳት የሚያጋልጥሽ ምክንያት የለም። ሙቀት ይበቃሻል፦ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትኩስ ውሃ (የፈላ ከሆነ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ያቃጥላልም) በፎጣ ጠቅልሎ እንብርት ሥር ማድረግ፤ ወይም የተቆላ ጨው በወፍራም ጨርቅ። ሙቀት ለአንዳንዶች ከኪኒን የማይተናነስ ነው፤ ከኪኒኑ ጋርም ይደመራል። የዝንጅብል ሻይ ቢጠጣ አይከፋም። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ጨምቆ በብዛት መጠጣት ግን ጨጓራን ያውካል፤ ለእርጉዝ ደግሞ አደገኛ ነው።

«ኪኒኑ ያመክናል» የሚባለውን መፍራት ሚዛን ላይ አይገባም። በወር አበባ ቀናት የሚወሰድ ማስታገሻ ለዘለቄታው መውለድን እንደሚከለክል የሚያሳይ ነገር የለም። እንቁላል በሚወጣበት በወሩ አጋማሽ ላይ ደጋግሞ መውሰድ ግን ለዚያ ወር ሊያዘገየው ይችላል፤ ሲቆም ይመለሳል። ልጅ የምትፈልግ ሴት በእነዚያ ቀናት ለራስ ምታትም ሆነ ለወገብ ፓራሲታሞል ትምረጥ። ከአስፕሪን በስተቀር እነዚህ መድኃኒቶች ደሙን ይቀንሱታል እንጂ «ደም ውስጥ አያስቀሩም»። ለምታጠባ እናትም አይቡፕሮፌን ይፈቀዳል።

እርምጃ 7፦ የሚቆምበት ጊዜ

ወዲያው አቁመሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል የምትሄጂባቸው ምልክቶች አሉ፦ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፤ ጥቁር፣ የሚጣበቅና ክፉ የሚሸት ሰገራ፤ የፊት ወይም የከንፈር ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መላ ሰውነትን የሚወር ሽፍታ፤ የደረት ሕመም፤ የሽንት መቀነስና የእግር ማበጥ። የደም ማነስ ኪኒን (አይረን) የምትወስድ ሴት ሰገራዋ ሊጠቁር እንደሚችል ታውቅ፤ የአይረኑ ግን አይጣበቅም፤ እንደ ደሙም አይሸትም። ጥርጣሬ ካለ ምርመራው ቀላል ነው። ጅማ ከተማ ላይ ላለች ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልና ሸነን ጊቤ ሆስፒታል አሉ። ከሰቃ ወይም ከሰርቦ በኩል የምትመጣ ግን ሌሊት መኪና እንደማይገኝ አስባ «ይነጋል» ሳትል በጊዜ ትነሣ። ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ያገኘው ሰው የሰጠውን መድኃኒት ቤት ማሳወቅ ወይም በ8482 ነጻ መስመር ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መናገር ይችላል፤ ስትሪፑን አትጣዪው።

ሁለተኛው የማቆሚያ ምክንያት መድኃኒቱ ሳይሆን ሕመሙ ነው። በትክክለኛ ሰዓትና መጠን ሦስት ወር አበባ ተሞክሮ ካልያዘ፣ በየወሩ ኪኒን መጨመር የሌላ በሽታ መሸፈኛ ይሆናል። ሕመሙ ወር አበባ ከጀመርሽ ከዓመታት በኋላ፣ ለምሳሌ 25 ዓመት ዕድሜ ካለፈሽ በኋላ ከመጣ፤ ከወር አበባ ውጭም የሚያምሽ ከሆነ፤ በግንኙነት ጊዜ ወይም ሰገራ ስትቀመጪ የሚያምሽ ከሆነ፤ ሞዴስ በሰዓት ውስጥ የሚሞላ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም የሚወጣ ከሆነ፤ ሽታ ያለው ፈሳሽና ትኩሳት ካለ፣ ከኋላው ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም)፣ የማሕፀን ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። ሉፕ ካስገባሽ በኋላ የባሰም ለሐኪሙ ይነገር። ቀኑ ካለፈ በኋላ በአንድ ጎን የበረታና ራስ የሚያዞር ሕመም ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ አልትራሳውንድ ሊያዝ ይችላል። ፀረ ብግነት ላልሆነላት ወይም ላልተስማማት ሴት ሌላው መንገድ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ወይም የክንድ ኢምፕላንት ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣሉ፤ ባል ለሌላት ሴትም ለሕመም ብቻ ሊታዘዙ ይችላሉ። ስትሄጂ የሦስቱን ወር መዝገብና ያለቀውን ስትሪፕ ይዘሽ ሂጂ። «ምን ወሰድሽ፣ ስንት፣ ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓቱ ተሻለሽ» ተብለሽ ትጠየቂያለሽ፤ መልሱ በእጅሽ ካለ ሐኪሙ ያንኑ መድኃኒት እንደገና አያስጀምርሽም።